«የአበሻ ፊልም አይታይም» ለሚለው ጽሑፍ ከደሴ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «የአበሻ ፊልም አይታይም» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። ለእኔም ደረሰኝ። የላከልኝ ጓደኛዬ «ይኼን አንብበህ ዝም ካልክ ታዝቤሃለሁ» ብሎ ነው የላከው።

ጽሑፉ ረጅም ነው። ሲጨመቅ የሚለው ይኼን ነው። የኢትዮጵያ ፊልም ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ የሚሠራው ለፈረንጅ ነው፤ ፊልሙም ዝግ ያለና አሰልቺ ነው። ውጭ አገር የሚሸለሙት ፊልሞች ጉድፋችንን እያወጡ ነው። ተዋንያኖቻችን ከቴአትር ስለመጡ ይጮኻሉ። ሕንዱ፣ ቱርኩና ሆሊውዱ በብዙ ይበልጡናል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የእኛን አገር ይነካል። ወሎን የመሰለ ቦታ ለፊልም የሚሆን ታሪክ የለውም፤ አለው ከተባለም ረሃብና ቆንጆ ሴት ነው ይላል።

ጸሐፊው ፊልም ይወዳሉ። ይኼ ከአጻጻፋቸው ይታያል። የማይወድ ሰው እንዲህ አይናደድም። እኔም ፊልም ስለምወድ ነው ቁጭ ብዬ የምመልስላቸው።

«ሁሉም አንድ ነው» ለሚለው

እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ቦሌ ያለ ቪላ፣ ሀብታም ልጅ፣ ደሀ ልጅ፣ አንድ የሚያስቅ ዘበኛ፣ አንድ ክፉ እናት፣ መጨረሻ ላይ ሠርግ። ይኼን ያላየ የለም። እኔም ሰልችቶኛል።

ግን ለምን እንዲህ ሆነ የሚለውን ጸሐፊው አልጠየቁም። ፕሮዲዩሰሩ ብዙ ጊዜ ከኪሱ አውጥቶ ነው የሚሠራው። ገንዘቡ የሚመለሰው በአብዛኛው ከአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ነው። ስለዚህ ያለፈው ዓመት ምን እንዳስገባ ያይና ያንኑ ይደግማል። ደሴ፣ ወልድያና ኮምቦልቻ ያለው ተመልካች ትኬት ቆርጦ አይቆጠርም። ያልተቆጠረ ተመልካች ደግሞ ምን ይወዳል ተብሎ አይጠየቅም። ይኼ የገበያ ችግር ነው። ጸሐፊው እንዳሉት «የአበሻ ጭንቅላት ፊልም አይገባውም» ማለት አይደለም። ያ አባባል ከባድ ስድብ ነው።

ደግሞም «ሁሉም» አይባልም። ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀይ ስህተት»ን ሲሠራ የቀይ ሽብርን ዘመን ነው ያነሳው። ሄርሞን ኃይላይ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣችው «የፍቅር ዋጋ» የአንድ ታክሲ ሾፌር ታሪክ ነው። መኪናው የእንጀራው ገመድ ነው፤ እሱን ሲያጣ ሁሉን ያጣል። ይኼ የቪላ ታሪክ አይደለም።

«ሶስት ማዕዘን»ንም አስቡት። ወደ አሜሪካ ለመድረስ በረሃና ድንበር የሚያቋርጡ ስደተኞች ናቸው። ፊልሙ እንከን አለው፤ አንዳንድ ቦታ እንባ ለማስወጣት በጣም ይገፋል። ግን ወሎ ውስጥ ይኼን ፊልም እንደ ልብ ወለድ የሚያይ ሰው አላጋጠመኝም። ከእኛ መንደሮች ልጆች በአፋር በረሃ አድርገው ወደ ጂቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ ይሄዳሉ። መንገዱ ሌላ ነው፤ ደላላው፣ ጥማቱና የእናት ስልክ መጠበቅ ግን ያው ነው።

«ኃይሌ ገሪማ የሚሠራው ለፈረንጅ ነው» ለሚለው

ይኼን ሳነብ ደሜ ፈላ።

ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው «ምርት ሶስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ በአማርኛ የሚናገር ፊልም ነው። ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብና የአንድ ባላባት ነው። ባላባቱ ደጁ ላይ ተቀምጦ ይሳደባል፣ ያዛል። ገበሬው ያርሳል። ከበበ የሚባል፣ መሬቱን የተነጠቀ፣ ሰው እንደ እብድ የሚያየው ሰው አለ። በፊልሙ ውስጥ እውነቱን አፍ አውጥቶ የሚናገረው እሱ ነው።

እስቲ ይኼ ፊልም ለማን ይበልጥ ይገባል? ፈረንጅ ጭሰኝነትን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው። ወሎ ውስጥ ግን አያቱ እኩል አራሽ ወይም ሲሶ አራሽ የነበረ ሰው ሞልቷል። ምርቱን ቆጥሮ የሚያስረክብ ሰው አንገቱን እንዴት እንደሚደፋ ታሪኩን እየሰማን ነው ያደግነው።

«ዝግ ያለ ነው» ይላሉ። አዎ፣ ዝግ ያለ ነው። በሬዎቹ እርሻው ጫፍ ደርሰው እስኪዞሩ ካሜራው ይጠብቃል። ሥራው ራሱ ጊዜ ይወስዳላ! ገበሬውን በሦስት ሰኮንድ አሳይቶ ወደ ቪላው የሚሮጥ ፊልም ለገበሬው ያለውን ግምት እየነገረን ነው። ኃይሌ ለገበሬው ጊዜ ሰጠው። እኔ ይኼን እንደ ክብር ነው የማየው።

ዝግታ የፈረንጅ ነገር ነው የሚለውም አይሄድም። ኢራናዊው አባስ ኪያሮስታሚ እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ ሙሉ ፊልም የሠራው የጓደኛውን ደብተር ለመመለስ ከመንደር መንደር በሚሮጥ ልጅ ላይ ነው። ልጁ ተዋናይ አልነበረም። ደብተር ብቻ ነው ያለው፤ ሆኖም ልብ ተንጠልጥሎ ይታያል።

ወደ ሌላው የኃይሌ ፊልም፣ ወደ «ጤዛ» ልምጣ። ጸሐፊው ይበልጥ የተቆጡት በእሱ ነው። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በጣሊያኑ የቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማትን አገኘ። በቀጣዩ ዓመት በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ ላይ ፌስፓኮ የሚባለውን የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ የወርቅ ፈረሱን ወሰደ። ጸሐፊው የቬኒሱን ብቻ ጠቅሰው «ፈረንጅ ሸለመው» አሉ። ዋጋዱጉ ላይ የሸለሙትስ? ያ ፌስቲቫል የአፍሪካ ነው። ያንን ለምን ዘለሉት?

ፊልሙ ስለ አንበርብር ነው። ጀርመን ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ፣ በደርግ መጨረሻ ዘመን ጣና ዳር ወዳለ መንደሩ ይመለሳል። በእንቅልፉ ይባንናል። እናቱ ምን እንደነካው አታውቅም፤ ጠበል ትወስደዋለች። እሱም ያየውን ሊነግራት አይችልም። እዚያው መንደር ልጆች ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል።

ይኼን የዋሻ ክፍል ወሎ ውስጥ እድሜው ገፋ ካለ ሰው ጋር ተቀምጦ ማየት ነው። እኔ ከጎረቤታችን ከአንድ አዛውንት ጋር አየሁት። ልጆቹ ዋሻው ውስጥ ሲታዩ «አቁመው እስቲ» አሉኝ። አቆምኩት። በአፈሳው ጊዜ እናታቸው ታናሽ ወንድማቸውን ጎተራ ውስጥ እንደደበቁት፣ ካድሬ ሲመጣ ጎተራው ላይ ተደግፈው ጥጥ እንደፈተሉ ነገሩኝ። ከዚያ «ቀጥል» አሉ። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ፊልም አላዩም። ግን አንዱም ነገር አላመለጣቸውም። «ገጠር ያለ ሰው አይገባውም» የሚለውን የጸሐፊውን ዓረፍተ ነገር ሳነብ ትዝ ያሉኝ እኚህ ሰው ናቸው።

«ጤዛ»ን ስወድ እንከኑን ሳላይ አይደለም። የጀርመኑ ክፍል ላይ ተማሪዎቹ ሲከራከሩ ንግግራቸው የስብሰባ ንግግር ይሆናል። ይረዝማል። አንዳንዱን ቆርጦ ቢጥለው ምንም አይጎድልም ነበር። ግን ወደ መንደሩ በተመለሰ ቁጥር ፊልሙ ነፍስ ይዘራል። እናትየዋ ፊት ላይ ያለውን ለመጻፍ ቃል የለኝም።

«ጉድፋችንን ለሽልማት ያወጣሉ» ለሚለው

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያነሱት «ድፍረት»ን ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ የሠራው ይኼ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካው የሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል። ስለ ጠለፋ ነው። ተጠልፋ፣ ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት የቀረበች ልጅና ጠበቃዋ። ጉዳዩ እውነተኛ ነው። ጠለፋ በፊልም ስለታየ አልመጣም። ብዙ እናቶች ዝም ብለው ያሳለፉት ነገር ነው። መነገሩ አያሳፍረኝም።

በዚህ ፊልም ላይ የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ባለታሪኳ ራሷ «ታሪኬ ያለ ፈቃዴ ነው የተወሰደው» ብላ ከስሳ ነበር። ጸሐፊው ይኼን ቢያነሱ ኖሮ ጠንካራ ነጥብ ይሆንላቸው ነበር። በፊልሙ ውስጥ ማን ይናገራል? ማን ተጠየቀ? እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው፤ ወሎ ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ።

«ተዋንያኖቻችን የቴአትር ሰዎች ስለሆኑ ይጮኻሉ» ለሚለው

ኃይሌ ገሪማ ራሱ የቴአትር ልጅ ነው። አባቱ ገሪማ ታፈረ «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉት ደራሲ ናቸው፤ ልጁ ያደገው በአባቱ ቴአትር ውስጥ ነው። ቴአትር ፊልምን የሚያበላሽ ቢሆን መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነበር።

ወጋየሁ ንጋቱም የመድረክ ሰው ነበር። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ የሰማ ሰው ስለ ጩኸት አያወራም። በአንድ ድምፅ ያን ሁሉ ሰው አድርጎ አቅርቦልናል። ፍቃዱ ተክለማርያምም እንዲሁ። ድምፁን መቼ ከፍ፣ መቼ ዝቅ እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር።

አበበ ባልቻን «ሰው ለሰው» ድራማ ላይ አስታውሱት። አስናቀን ሲጫወት አገር በሙሉ ፈርቶታል፣ ጠልቶታልም። ያ ሰው የሚያስፈራው ሲቆጣ ሳይሆን ረጋ ብሎ ሲናገር ነበር። ይኼ ችሎታ ከመድረክ የመጣ ነው።

ታዲያ ጩኸቱ ከየት መጣ? እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ቀረጻው በጥድፊያ ይሠራል። ልምምድ የለም። ዳይሬክተሩ ለተዋናዩ «እዚህ ላይ ዝም በል» ብሎ ለመንገር ጊዜ የለውም። ማይኩም ጥሩ ስላልሆነ ተዋናዩ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ወቀሳው ለዳይሬክተሩና ለፕሮዲዩሰሩ ይሂድ።

«ሕንዱ፣ ቱርኩና ሆሊውዱ ይበልጡናል» ለሚለው

ማወዳደር ጥሩ ነው፤ ግን ተመሳሳይ ነገር ይወዳደር። በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተሠራን ፊልም ከአንድ ሰው ቁጠባ ጋር አስቀምጦ «ተሸነፍን» ማለት ምን ያስተምራል?

እኔም የሕንድ ፊልም ልጅ ነኝ። ደሴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን፣ «አክተሩ አይሞትም» እየተባባልን፣ ለአሚታብ ባችቻን እያጨበጨብን አድገናል። ቋንቋውን አናውቅም፤ ግን እናት ስታለቅስ እናለቅስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውን «ማዘር ኢንዲያ»ን አስቡ። ባሏ የጠፋባት፣ አራጣ አበዳሪ የሚያስጨንቃት፣ ልጆቿን በማረሻ የምታሳድግ ገበሬ ሴት ናት። ሕንዶቹ ልባችንን የገዙት የራሳቸውን ገበሬ በራሳቸው ዘፈን ስላሳዩን ነው። ሆሊውድን ስለመሰሉ አልነበረም። ጸሐፊው የሕንድን ፊልም እያደነቁ የኃይሌን ገበሬ «ኋላ ቀርነት» ማለታቸው እርስ በርሱ ይጋጫል።

የቱርኩን ድራማ በተመለከተ፣ በአማርኛ ድምፅ ተተክቶለት ቤታችን ገብቷል። ሰው ቢያየው አልፈርድበትም። ማታ ደክሞት የገባ ሰው የሚያርፍበት ይፈልጋል።

«ወሎ ለፊልም የሚሆን ታሪክ የለውም» ለሚለው

ጸሐፊው ወሎን ካሜራ የማያውቃት አስመስለው ጽፈዋል። ካሜራስ ያውቃታል። እንደ ወሎ በዓለም ፊት የተቀረጸ የኢትዮጵያ ክፍል ማን አለ?

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 6 ቀን 1935 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የውጭ ጋዜጠኞች እዚሁ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በከባድ መሣሪያ ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞሯል። እዚያ ቀን ቤታቸው የነደደባቸው የደሴ ሰዎች ግን ምን እንዳሉ በየትኛው ፊልም ሰማን?

ከዚያ 1966 ዓ.ም. መጣ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርጾ በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። ዘገባው ብዙ እርዳታ አስገኝቷል፤ ይኼን አልክድም። በኋላ ደርግ ያንኑ ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር ቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ወረዱ። የወሎ ሰው ሬሳ የመንግሥት መቀየሪያ ማስረጃ ሆነ። የሟቾቹን ስም የጠየቀ አልነበረም።

በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ማይክል ቡርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ኮረም ደረሱ። ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ የተላለፈው ዘገባ ዓለምን አንቀጠቀጠ። መሐመድ አሚን ትልቅ ባለሙያ ነበር፤ በምስሉ የዳነ ሕይወት ብዙ ነው። በቀጣዩ ክረምት በላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ላይ የዚያ ረሃብ ምስል ከዘፈን ጋር ታየ። ዓለም አለቀሰ፤ ገንዘብም አዋጣ።

ያን ዘገባ ዛሬ ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት። የሚተርክልን ጋዜጠኛው ነው። የወሎ ሰው ይታያል፤ ስለ ራሱ ግን አይናገርም። ከየት እንደመጣ፣ በሬውን በስንት እንደሸጠ፣ ማንን መንገድ ላይ እንደቀበረ አይነግረንም። ያ ሰው ግጥም የሚያወርድ፣ በነገር የሚያዋዛ፣ እንግዳ ሲመጣ ቤት ያፈራውን የሚያቀርብ ሰው ነበር። ዓለም ግን ዓይኑን ብቻ ነው ያወቀው።

ለዚህ ነው የኃይሌን ገበሬ ለፈረንጅ የተሠራ ነው ሲሉ የምቆጣው። ለፈረንጅ የተሠራ የኢትዮጵያ ገበሬ ምን እንደሚመስል እኛ ወሎዎች በደንብ እናውቃለን። አይናገርም። የኃይሌ ገበሬ ይናገራል፣ ይከራከራል፣ ይሳደባል፣ ይሳሳታል።

ያሬድ ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣውን «ላምብ»ንም የምወደው በዚሁ ነው። በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ታሪኩ ከድርቅ ይነሳል። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱን አጥቷል፤ አባቱ ዘመድ ቤት ትቶት ይሄዳል። ልጁ ጩኒ የምትባል በግ አለችው፤ አጎቱ ለመስቀል ሊያርዳት ይፈልጋል። ልጁ እጁን ዘርግቶ አይጠብቅም። ምግብ መሥራት ያውቃል። ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ይሸጣል፤ ለመንገድ የሚሆን ገንዘብ ያጠራቅማል። ከድርቅ የተረፈ ልጅ ነጋዴ ሆኖ፣ ዋጋ ተከራክሮ አየሁ። ይኼን ያህል ዓመት ስጠብቀው የነበረ ምስል ነው።

«ቆንጆ ሴት» የሚለውን በአጭሩ። የወሎ ሴት በክሊፕም በፊልምም እንስራ ተሸክማ ትመጣለች፣ ፈገግ ትላለች፣ ትሄዳለች። ንግግር የላትም። ይኼም ያው ዝምታ ነው፤ የለበሰችው ቀሚስ ብቻ ነው የሚለየው። ዜማችንም እንደዚያው ነው። ባቲና አምባሰል ስማቸውን የያዙት ከወሎ ነው። ፊልም ሠሪዎቻችን ሆድ እንዲባባ ሲፈልጉ እነዚህን ቅኝቶች ያስገባሉ። ባለ ዜማው ግን ስክሪፕቱ ውስጥ የለም።

ታሪክ የለም ይላሉ። ምኒልክ ለዓድዋ ሠራዊቱን የቀጠሩት ወረኢሉ ነው። ውጫሌ እዚሁ ነው። መቅደላ እዚሁ ነው። እነዚህን ግን ለጊዜው ልተዋቸው። የነገሥታት ፊልም ቢሠራ ደስ ይለኛል፤ አልቸኩልም።

እኔ ማየት የምፈልገው የባቲን የሰኞ ገበያ ነው። አፋሩ ግመሉን ይዞ ከቆላ ይወጣል። ኦሮሞውና አማራው ከደጋ እህሉን ይዞ ይወርዳል። አንዷ ነጋዴ በሦስት ቋንቋ ትከራከራለች። ልጇ የመን ደርሶ ስልኩ ጠፍቷል። ባሏ እስላም ነው፣ ወንድሟ ክርስቲያን ነው፤ የልጇ ወሬ ሲመጣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጸሎት በአንድ ማታ ይደረጋል። ሥጋው በሁለት ድስት ይሠራል፣ ቡናው ግን አንድ ነው። ተራኪ አልፈልግም። እሷ ራሷ ትናገር፤ በራሷ አማርኛ፣ ፊልሞቻችን ለገጠር ሰው ሁሉ በሚያለብሱት በዚያ የተደባለቀ ዘዬ ሳይሆን።

ይኼ ለፊልም የሚሆን ታሪክ አይደለም የሚሉ ከሆነ ጸሐፊው ምክንያታቸውን ይጻፉ። አነባለሁ፤ እመልሳለሁም።